አምስት መቶ ዓመት የዘለቀ ሥጋ ቤት

ብሪድፖርት የምትባለው የደቡብ እንግሊዝ ትንሽ ከተማ ባቡር አይገባባትም፤ የነበረውን መስመር በ1975 ዘግተውታል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከለንደን ዶርቼስተር ድረስ በባቡር ሄድኩ። እዚያ ስደርስ አውቶቡሱ ስላመለጠኝ ታክሲ ያዝኩ፤ 60 ፓውንድ ተቀበለኝ። በማግስቱ ሰው ስጠይቅ 45 ይበቃው ነበር አሉኝና ቀኑን ሙሉ አንገበገበኝ። ያደርኩበት ቤት ማሞቂያው አይሠራም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ተኛሁ፤ ሳይነጋም የባሕር ወፎች ጣሪያው ላይ እየተንጫጩ ቀሰቀሱኝ።

ይህን ሁሉ የቻልኩት ለአንድ ሥጋ ቤት ብዬ ነው። ባልሰን ይባላል። የቤተሰቡ ሥጋ ሻጭነት እስከ 1515፣ እስከ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ድረስ ይቆጠራል። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ አፄ ልብነ ድንግል ዙፋን ላይ ናቸው፤ እቴጌ እሌኒም በሕይወት አሉ፤ የግራኝ ጦርነት ገና አልመጣም። ከዚያ ወዲህ እኛ ስንት ከተማ ቀይረናል! እነዚህ ሰዎች ግን በዚያችው ትንሽ ከተማ ቢላዋ ሲቀባበሉ ኖረዋል።

ቅዳሜ ስለነበር ሳውዝ ስትሪት ላይ ገበያው ቆሟል። ከተማዋ በገመድ ሥራ የታወቀች ናት፤ መንገዱ የሰፋውም ገመድ የሚገምዱበት ስለነበር ነው ይላሉ። የባልሰን ቤተሰብ የጀመረው እዚሁ መንገድ ላይ፣ በጥንቱ የሥጋ ተራ ከነበረች አንዲት መደብ ነው። አሁን ያለው ሱቅ ዌስት አሊንግተን የሚባለው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን የጠየቅኳቸው አሮጊት በጣት ማሳየቱ አልበቃቸውም፤ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ በሩ ድረስ አደረሱኝ። እናቴን መሰሉኝ።

ወረፋ ያዝኩ። የአሳማ ቋሊማውን አልፌ የበግ ጎድን አዘዝኩ። ቆራጩ ቢላዋውን ሞረዱ ላይ ሦስት ጊዜ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ሸርተት አደረገና አጥንቱን ሳይነካ በመገጣጠሚያው ገባ።

አባቴም እንዲሁ ሦስት ጊዜ ነበር የሚስለው። ለ31 ዓመት ሉካንዳ ነበረው። «የማስተምርህ ይህን ቢላዋ እንዳትወርስ ነው» ይለኝ ነበር፤ እኔም ቃሉን ጠብቄ አልወረስኩም። ሲሞት ቤቱን አከራየነው፤ ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል። ልጅ ከአባቱ ሙያ ሲርቅ «ተለወጠ» እያልን ማመስገናችን ትክክል አይመስለኝም። ልክ የአባቴ ሙያ የሚያሳፍር ነገር የነበረበት ያስመስለዋል።

ሥጋዬን ተቀብዬ ወጣሁና መንገዱ ዳር ቆሜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የአባባ ሞረድ የት እንዳለ ጠየቅኩት። እናታችን ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ አለ አለኝ። አውርደህ ዘይት ቀባልኝ አልኩት።