ሁለት ሰንበት ያለው ሰው

ቅዳሜ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «እናንተማ ታድላችኋል! አሜሪካ ቅዳሜም እሁድም ሥራ የለም፤ ሁለቱን ሰንበት ያለ ሐሳብ ታከብራላችሁ። ነገ ደግሞ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው» አለኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ግሌንዴል፣ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቆሜ ቁልፍ እቀበላለሁ። እርግጥ እዚህ ቅዳሜና እሁድ እረፍት ነው፤ የሚያርፈውን ሰው መኪና የሚያቆምለት ግን የማያርፍ ሰው ያስፈልጋል።

ጻድቁን ማንሳቱ ነው ያንገበገበኝ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ሰራዬ «ቅዳሜም እንደ እሁድ ይከበር» ብለው ያስተማሩ አባት ናቸው። ያኔ ጳጳስ የምትልክልን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን መንበር እስክንድርያ ግን ነገሩን የአይሁድ ልማድ ነው ብላ አልተቀበለችውም። ግብፅ ወርደው ፓትርያርኩ ፊት ቀረቡ፤ ሰሚ አላገኙም። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በቆጵሮስ በኩል አርመን አገር ገቡ፤ ከ14 ዓመት ያህል ስደት በኋላ በ1352 እ.ኤ.አ. እዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው ኖሩ። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የተወሰነው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ገድላቸው ባሕሩን በአጽፋቸው (በመጎናጸፊያቸው) ላይ ሆነው ተሻገሩ ይላል። እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት።

ስቀጠር አለቃው የማልሠራበትን ቀን ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ «ቅዳሜም እሁድም ሰንበቴ ነው» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። «ቅዳሜን የሚያከብር ሠራተኛ አለኝ፤ እሁድን የሚያከብርም አለኝ። ሁለት ሰንበት ያለው ሰው ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። አንዱን ምረጥ።» የቤት ኪራዩ ድቅን አለብኝና አንዱንም ሳልመርጥ «በማንኛውም ቀን» በሚለው ላይ ፈረምኩ። ጻድቁ ቅዳሜን አልለቅም ብለው አገር ለቀቁ፤ እኔ አገር ለቅቄ ቅዳሜንም እሁድንም ለቀቅኩ። ያቺ ፊርማ ዛሬም ታሳፍረኛለች።

እናንተም አትመጻደቁ፤ መርካቶ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዴት እንደምትደምቅ አልረሳሁም። ዲቪ የደረሳችሁ ግን ስሙኝ፦ ከወረቀቱ ሁሉ ይህችን አንዲት ጥያቄ ፍሩ። መጀመሪያ ያልጠየቃችሁትን እረፍት ኋላ የሚሰጣችሁ የለም። «ችግር የለም» የምትለዋን ይሉኝታችንን እዚያው ቦሌ ጥላችኋት ኑ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ አለ። ስልኩን ስዘጋ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ አገሩ ሄደው ስላረፉት አባታችን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «የእኛ አገር እንግዳ ናቸዋ!» አለ። ሄዶ ከአለቃው ጋር ተነጋገረ፤ የእሁድ ተራዬን ወሰደልኝ።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ስብከቱ ሳይጀመር እንቅልፍ ወሰደኝ።