ዲዩቲ ያደረ ሰው ጭንቅላት

ዛሬ ሞርኒንግ ላይ፣ የሌሊቱ ሕሙማን በሚቀርቡበት የሆስፒታላችን የጠዋት ስብሰባ፣ አብሮኝ ዲዩቲ (የሌሊት ተረኛ ሆኖ) ያደረው ልጅ የአንዲት ታካሚ ኬዝ እያቀረበ ሳለ "የደሟ ፖታሲየም ስንት ነበር?" ተባለ። ዝም አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ድረስ ሄዶ ውጤቱን ያመጣው እሱ ነው፣ ጮክ ብሎ ያነበበልኝም እሱ ነው። አሁን ግን ጠፋው። "አታነብም እንዴ?" ተባለና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በጣም ነው የከፋኝ። ልጁ እኮ ከሁላችንም በላይ ያነባል።

አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው። ኔልሰን ካዋን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ አራት ገደማ ነው ይላል። ዲዩቲ ላይ ግን አንዷ ደም ትጠብቃለች፣ የአንዱ ኦክስጅን ሊያልቅ ነው፣ ሲኒየር በስልክ ይጠራሃል፣ አስታማሚ እጅህን ይዞ "ዶክተርዬ፣ አንዴ እያት" እያለ ይለምንሃል፣ በዚህ መሀል የሰማኸው ቁጥር የት ይቀመጥ?

እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ይብሳል። የተማርነው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ነው። ሳይተኛ ያደረ አእምሮ አዲስ ነገር መያዝም ያቅተዋል። ዳውሰንና ሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። እኛ ሞርኒንግ ላይ ስንቆም ከዚያ አልፈን ነው። ቦስተን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናትም አለ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖች (ጀማሪ ሐኪሞች) ከ24 ሰዓት በላይ በሚያስቆየው በተለመደው ፕሮግራም ሲሠሩ፣ ፈረቃቸው ካጠረበት ጊዜ ይልቅ ከባድ ስህተት በ36 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

ስለዚህ ይሄ የጉብዝና ጉዳይ አይመስለኝም። ሲኒየሮቻችንም በዚሁ አልፈዋል፣ "እኛም ችለነው ነው" የሚሉት ለዚህ ይሆናል። ግን ያደረ ልጅ ቻርቱን ይዞ፣ ቁጥሩን እያየ ቢያቀርብ ምን ይጎድላል? ለታካሚዋም የሚሻላት እንዲህ ቢሆን ነው። ታካሚዎቹን ለቀጣዩ ተረኛ የምናስረክበውም በቃል መሆኑ ቀርቶ በወረቀት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከዲዩቲ ወጥታችሁ በቀጥታ ላይብረሪ የምትገቡ ልጆች ደግሞ፣ ፈተናው እንደደረሰ አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ መጀመሪያ ተኙ። ገጹን ትገልጡታላችሁ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም።