ፋርሲ የሚያስተምር ሲጠፋ የሚናገር ፈለግኩ

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ስቶክሆልም ነው። ጥቅምት 2017 ላይ ደወለና «በሐምሌ እንመጣለን። ሰርጉ እዚህ ቢሆንም ቅልቅሉ አዲስ አበባ ነው። እማማም አብረውን ይመጣሉ» አለኝ። እማማ የሚላቸው የሚስቱን እናት ነው። ኢራናዊ ናቸው። ከቴህራን ወደ ልጃቸው ከሄዱ አራት ዓመታቸው ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ስዊድንኛቸውም ዳቦ ከመግዛት አያልፍም።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። አንዲት እናት ልጇን ድራ ግንፍሌ ድረስ ቤቴ ስትመጣ በእጅ ምልክት ብቻ ላስተናግዳት አልፈለግኩም። «ብሉልኝ» ለማለት እንኳ ቃል ሊያጥረኝ ነው። ዘጠኝ ወር አለኝ፣ የአገራቸውን ቋንቋ ፋርሲን እማራለሁ ብዬ ተነሣሁ።

አዲስ አበባ ለቋንቋ ተማሪ ክፉ ከተማ አይደለችም። ፈረንሳይኛ የፈለገ አሊያንስ ይሄዳል። ጀርመንኛ የፈለገ ስድስት ኪሎ ገተ አለለት። የቻይንኛና የአረብኛ ማስታወቂያ በየፎቁ ደረጃ ላይ ተለጥፏል። ፋርሲ ስል ግን ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያየኛል። ከሥራ ስወጣ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ያገኘሁትን ማስተማሪያ እየገባሁ ጠየቅኩ። ፒያሳ የማውቃቸው ሁለቱ ቤቱ ፈርሶ ተነስተዋል። የቀሩት «የለንም» አሉኝ። ቁርጡን ስለነገሩኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አንዱ ግን «አለን» አለ። 2,000 ብር ለምዝገባ ከፈልኩ። መምህሩ ትሑት ሰው ነበር። ሁለት ቀን ተማርኩና ለወንድሜ ሚስት ደውዬ የያዝኩትን በኩራት አሰማኋት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ይሄ እኮ አረብኛ ነው» አለችኝ። ቢሮው ሄጄ ስጠይቅ «ፊደሉ አንድ ነው፣ ቋንቋውም ይቀራረባል» ተባልኩ። አይቀራረብም። ፋርሲ በአረብኛ ፊደል ይጻፍ እንጂ ዘሩ ከእነ ሂንዲና ከእነ እንግሊዝኛ ነው። የአረብኛ ዘመድስ የእኛው አማርኛ ነው። አምስት በአረብኛ ኸምሳ ነው፣ በፋርሲ ፐንጅ። ከብሬ ግማሹ ተመለሰልኝ። እናንተም አንድ ቦታ ፋርሲ እናስተምራለን ካሏችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «እናት ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማደር» ካሉ ተቀመጡ። «ኡም» ካሉ ተነሡ።

ቀጥሎ ጓደኛዬ አንድ አፍጋናዊ አገኘችልኝ። አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ሦስት ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን አስተማረኝ። የእሱ ዳሪ ይባላል። ዳሪና የኢራን ፋርሲ አንድ ቋንቋ ናቸው፣ አነጋገራቸው ግን ለጀማሪ ያደናግራል። እሱ አንበሳን ሼር፣ ወተትን ሺር ይላል። በቴህራን ሁለቱም ሺር ናቸው። ከእሱ የቀረልኝ የቁጥርና የሰላምታ ደብተር ነው። በኅዳር መጨረሻ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ።

ያኔ የወንድሜ ሚስት ቴህራን ያለች የአክስቷን ልጅ አገናኘችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እሷ እንግሊዝኛ መለማመድ ፈለገች፣ እኔ ፋርሲ። ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ ሰዓት በፋርሲ ተባባልን። ገንዘብ የለበትም። ደግሞም ማዕቀቡ ባለበት ወደ ኢራን ብር መላክ የሚታሰብ አይደለም፤ በልዋጭ መማሩ ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ግን ተላለፍን። «ማታ 8 ሰዓት» ብላ ጻፈችልኝ። በእኛ 2 ሰዓት ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ለካ ቴህራን ከአዲስ አበባ በግማሽ ሰዓት ትቀድማለች። ልጅቷ በእኛ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስትጠብቀኝ ቆይታ ወጥታለች። እንደዚህ ያለ ግማሽ ሰዓት መኖሩን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር የእሷንም የእኔንም ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ያዝኩ።

ሰዋስዉ እንዳሰብኩት አላስቸገረኝም። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እንደኛው። «መን ኬታብ ራ ኻንደም» ማለት «እኔ መጽሐፉን አነበብኩ» ነው። መን እኔ፣ ኬታብ መጽሐፍ፣ ኻንደም አነበብኩ። መሐል ያለችው «ራ» ደግሞ «መጽሐፉን» ያልንባትን «ን» ትሠራለች። ይህን ያየሁ ማታ ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ወንድና ሴት የሚለይ ነገርም የለም። እሱም እሷም «ኡ» ናቸው።

ፊደሉን የቤት አከራዬ ልጅ ነው ያስቆጠረኝ። 11 ዓመቱ ነው፣ ቁርኣን ይቀራል። አንዋር መስጊድ አካባቢ ሄደን የልጆች የአሊፍ ባ መጽሐፍ ገዛን። 28ቱን ፊደል እሱ አስጠናኝ። ፋርሲ 32 ነው ያለው። አረብኛ የሌለው አራቱ ፐ፣ ቸ፣ ዠ እና ገ ናቸው። አራቱም በእኛ ፊደል አሉ። ልጁ ራሱ አራቱን ከእኔ ሲማር ፊቱ በራ።

በፊደላችን መጻፍ ይጠቅማል። ፋርሲ አጫጭር አናባቢዎቹን አይጽፍም። እነሱ አንድ አድርገው የሚጽፉትን እኛ «ጎል» እና «ጌል» ብለን ለይተን እንጽፋለን። የመጀመሪያው አበባ ነው፣ ሁለተኛው ጭቃ። ጥንቃቄ የሚፈልገው «ቀ» ላይ ነው። የእኛ «ቀ» ይፈነዳል። የእነሱ ከጉሮሮ ውስጥ ለስለስ ብሎ ይወጣል፣ ወደ «ገ» ያደላል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ እያፈነዳሁ ተናግሬ ነበር። የቴህራኗ ልጅ አፍራ አላረመችኝም። ከመጀመሪያው ቀን «እባክሽ አርሚኝ» ብሎ መለመን ይሻላል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ግን አፌን አልፈታልኝም። አፌን የፈታችልኝ ሌላ ሴት ናት።

ጸጉር ቤት ነው የሰማሁት። ጸጉሬን የምትሠራኝ ልጅ የምጠናውን ወረቀት አይታ «ምንድነው?» አለች። ነገርኳት። «እንዴ፣ ጥቁር አንበሳ ጋ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ ዱባይ ኢራኖች ቤት ነው የሠራችው» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈልገው መምህር ነበር። ፋርሲ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስንቷ እህታችን ናት ዱባይ የሠራችው! ዱባይ ደግሞ ብዙ ኢራናውያን ይኖራሉ። ከተማዋ ውስጥ ቋንቋው ነበር። እኔ የፈለግኩት ሰርተፍኬት ያለበት ቦታ ስለነበር አላየሁትም።

በማግስቱ ሄድኩ። ቡና አዘዝኩና «ሰላም፣ ኹቢ?» አልኳት በፋርሲ፤ ደህና ነሽ? ማለት ነው። የያዘችውን ጀበና መልሳ ከሰል ላይ አስቀመጠችው። አሥር ደቂቃ ያህል በፋርሲ ብቻ ነገረችኝ። አንድ አምስተኛውን እንኳ አልያዝኩም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ነው የሠራችው። ከተመለሰች አራት ዓመቷ ነው። «ከመጣሁ ጀምሮ የሚሰማኝ ሰው አላገኘሁም፣ ሊጠፋብኝ ነው እያልኩ ነበር» አለች።

አስተምሪኝ ስላት «እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ» አለችኝ። ገንዘብም አልቀበልም አለች። እኔም አልማርም አልኩ። ሙያ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት የተከፈለበት ሙያ። በመጨረሻ በሰዓት 300 ብርና ፊደሉን እኔ ላስቆጥራት ተስማማን። መናገር እንጂ ማንበብ አትችልም ነበርና። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ። ደንበኛ ሲመጣ ትምህርቱ ይቆማል፣ ስኒ አቀብላለሁ፣ ደንበኛው ሲሄድ ይቀጥላል።

በሁለተኛው ሳምንት ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ነገር ታየኝ። የጻፍኳቸው ግሶች ሁሉ ትእዛዝ ናቸው። ቢያር፣ አምጪ። ቤበር፣ ውሰጂ። ቤሹር፣ እጠቢ። ተሚዝ ኮን፣ አጽጂ። ዙድ ባሽ፣ ቶሎ በይ። ቋንቋውን የሰማችው እንደዚያ ነዋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያናገሯት በ«ቶ» ነው፣ በ«አንቺ»። ፋርሲም እንደኛው «እርስዎ» አለው፣ «ሾማ» ይባላል። እሷ «ሾማ»ን ታውቃለች፣ ለእነሱ የምትለው ነው። ለእሷ የተባለ ግን አልነበረም። ደብተሩን ይዤ ዝም አልኩ። እሷ ገብቷታል መሰለኝ «በአክብሮት የሚባለውን ከተማሪዋ ጠይቂ፣ እኔንም ታስተምሪኛለሽ» አለችኝ። እንደዚያ አደረግን። ማታ ማታ ከቴህራን እንደ «ቤፈርማዪድ» ያለ የአክብሮት ቃል እማራለሁ፣ በማግስቱ ቡናው ጋ እንለማመዳለን።

የለሰለሰ ቃል ከነጭራሹ አልነበራትም ማለቴ ግን አይደለም። የቤቱ አያት አልጋ ላይ የዋሉ ሴት ነበሩ። የምታጥባቸውም የምታጎርሳቸውም እሷ ነበረች። እሳቸው «ጎርባኔት ቤረም» ይሏት ነበር። መሥዋዕትሽ ልሁን ማለት ነው፣ እኛ «ልሙትልሽ» እንደምንለው። «ጎርባን» የእኛው ቁርባን ነው፣ አንድ ቃል ነው። ስታጎርሳቸው ደግሞ «ደስቴት ደርድ ነኮኔ» ይላሉ። እጅሽን አይመመው። እኛ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» የምንለው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተለወጠ። ከሁሉ አስቀድሜ በቃሌ የያዝኳቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

መጋቢት 12 የእነሱ አዲስ ዓመት ገባ፣ 1404። ለተማሪዋ በጽሑፍ እንኳን አደረሰሽ ብዬ ላክሁ። በሰኔ ግን ጦርነቱ መጣ። ኢራንና እስራኤል 12 ቀን ተዋጉ፣ የቴህራን ኢንተርኔትም ተቋረጠ። የምልክላት መልእክት አንድ ሰረዝ ብቻ እያሳየ ቀረ። ትምህርት ሳይሆን የሰው ነገር ሆነብኝ። ቡናው ጋ ስንቀመጥም ፊደል አላነሣንም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አንድ ቃል ጻፈችልኝ፤ «ዜንዴአም»። በሕይወት አለሁ። ያንን ቃል ከመዝገበ ቃላት አልፈለግኩትም፣ እንዳየሁት ገባኝ።

እማማ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት መጡ። ቦሌ ቆሜ «ኾሽ ኣመዲድ» አልኳቸው፣ እንኳን ደህና መጡ። ሁለቱን እጆቼን ያዙና ያወራሉ፣ ያወራሉ። ግማሹን ያዝኩ። ጽሑፍ ላይ ያጠናሁት ፋርሲ አፍ ላይ ሌላ ነው፤ ዳቦ «ናን» ተብሎ ይጻፋል፣ «ኑን» ይባላል። ለዚህ ያዘጋጀኝ የቡናው ትምህርት ነው።

በማግስቱ ካፊያው አባርቶ በእግር ወጣን። ግንፍሌ ድልድይ ጋ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች። እማማ ጮኹ፤ «በላል!» በቴህራንም መንገድ ላይ ይጠበሳል፣ ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ነው የሚሸጡት። በፋርሲ በቆሎው በላል ይባላል። የነቢዩ ሙሐመድ ሙአዚን የሐበሻው ቢላል ስምም በዚያው ፊደል ነው የሚጻፈው። እማማ ወደ ሴትየዋ እያመለከቱ «ቤላሌ ሐበሺ» እያሉ ሳቁ። ሁለት እሸት በሉ። ሲያበቁ ለጠባሿ ሴት «ደስቴ ሾማ ደርድ ነኮኔ» አሏት። ተረጎምኩላት። ሴትየዋ «ለእርስዎም፣ እናቴ» አለች።

ለቅልቅሉ የቡናዋን ልጅ ጠራኋት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። በር ላይ ስትደርስ እጇ ልማዱን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ሊያስገባት ነበር። ያዝኳትና እማማ አጠገብ አስቀመጥኳት። በፋርሲ ሰላምታ ሰጠች። እማማ ተገርመው ከፊት እስከ እግሯ አዩዋት። ከዚያ የራሳቸውን ሳህን አነሡና ወደ እሷ አስጠጉ፤ «ሾማ ቤፈርማዪድ፣ ኻኑም»። እርስዎ ይብሉ፣ እመቤት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ሾማ አሉኝ» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።