የውሃ ማለስለሻው ሰዓትና የእማዬ ሎሚ

የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሬዚስታንስ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ብረቱ አይታይም። ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ሠራተኛው በካቻቢቴ ጫፍ መታ መታ ሲያደርገው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰነጠቀ ወረደ። «ድሬ ነው እኮ፣ አቦ» አለኝ። እዚህ ላደገ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ውሃችን የጉድጓድ ውሃ ነው። ከሥር ያለው አለት ኖራ ድንጋይ ይበዛዋል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካውስ ድሬ የተተከለው በምን ሆነና! ውሃው በዚያ አለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ሲሞቅ ደግሞ ይጋገራል።

ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ነው የውሃ ማለስለሻውን፣ ይህን ካልሲየምና ማግኒዚየም ከውሃው የሚያወጣውን ዕቃ፣ የላከልን። ትንሽ ናት፣ 14 ሊትር ሬዚን ትይዛለች። ሬዚን የሚባሉት ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ቢጫ እንክብሎች ናቸው። ካልሲየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ፣ የያዙትን ለቀው እንደገና ሥራ ይጀምራሉ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት አልተመቹንም። የ25 ኪሎ ከረጢት ጨው ወር አይሞላም። ሮቶው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ይባስ ብሎ ጠዋት እማዬ ልብስ ስትዘፈዝፍ ሳሙናው አረፋ እንቢ ይላል። «ይሄ ዕቃ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት ማለስለሻው ሲንጫጫ ሰማሁና ሄጄ አየሁት። እየታጠበ ነው! ለካ ሲመጣ ጀምሮ በ2:00 ሰዓት እንዲታጠብ ተሞልቷል። ለእሱ 2:00 ሌሊት ነው፣ ሰው ሁሉ የተኛበት፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። እኔ ግን ሰዓቱን የሞላሁት በሐበሻ አቆጣጠር ነበር። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ውሃ በሚከፍትበት ሰዓት ይታጠባል። እየታጠበ ሳለ ደግሞ ወደ ቤት የሚገባው ያልለሰለሰው ውሃ ነው። እባካችሁ፣ ይህን ዕቃ ያላችሁ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እዩት፣ አንዳንዱ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። በጠብታ የሚለካ መመርመሪያ አገኘሁ። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ጠብታ ትቆጥራላችሁ። የእኛ ቧንቧ ውሃ ክብደት፣ ማለት የያዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም በካልሲየም ካርቦኔት ሲቆጠር፣ በሊትር 400 ሚሊግራም ገደማ ሆነ፤ ከ180 በላይ «በጣም ከባድ» ነው የሚባለው። ቤታችን በቀን 450 ሊትር ያህል ይጠቀማል። ይህ 180 ግራም ማለት ነው። ሬዚኑ 3.4 ኪሎ ጨው ሲሰጠው ወደ 970 ግራም ይይዛል። በሦስት ቀን ግን የሚይዘው 540 ነው። ገና ግማሹን አልፎ ትንሽ ሲሄድ እናጥበው ነበር።

ጨው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጨው ግማሽ ሲሆን አቅም ግማሽ አይሆንም። በ1.35 ኪሎ ብቻ ወደ 650 ግራም ይይዛል። የመጨረሻዎቹ ኪሎዎች የሚጨምሩት ትንሽ ነው፣ አብዛኛው ጨው በፍሳሹ ይሄዳል። ስለዚህ የጨውን መጠን ቀነስኩ።

ከሁሉ የጠቀመን ግን መስመር መለየቱ ነው። ሽንት ቤት ምን ለስላሳ ውሃ ያስፈልገዋል? አትክልቱስ? የወጥ ቤቱን የመጠጥ ቧንቧም አወጣሁት። እማዬ ደም ብዛት አለባት፣ የእኛን ውሃ ሙሉ በሙሉ ማለስለስ በሊትር 184 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨምራል። አሁን የሚለሰልሰው የሻወርና የልብስ ማጠቢያው ብቻ፣ በቀን 150 ሊትር ነው። እጥበቱ በአሥር ቀን አንዴ ሆነ። ጨው በወር 4 ኪሎ! የፍሳሹን ቱቦ ጀሪካን ላይ አድርጌ ለካሁት፣ አንዱ እጥበት አምስት ባለ 20 ሊትር ይሞላል። በወር ከሃምሳ ጀሪካን ወደ አሥራ አምስት ወረድን። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የመጨረሻው ጀሪካን ጨውነቱ ለቆታል፣ ሽንት ቤት እንደፋዋለን።

ሎሚው ላይ ግን በድያለሁ። ቱቦውን መጀመሪያ የዘረጋሁት ወደ ሥሩ ነበር፣ ውሃ ነው ብዬ። የቅጠሎቹ ጫፍ እንደ ተለበለበ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ረገፈ። እማዬ ቤቱ ሲሠራ የተከለችው ነው። ለብዙ ሳምንት ያልለሰለሰ ውሃ በብዛት እያፈሰስኩ አፈሩን አጠብኩለት። አንድ ወገኑ አቆጥቁጧል፣ ሌላው አሁንም ደረቅ ነው።

ጨው ስትገዙ ደቃቁን ተዉት፣ የጨው ገንዳው ውስጥ እንደ ጭቃ ይቦካል። እኔ ድፍኑን የአፍዴራ ጨው እወስዳለሁ፣ አሸዋው ከሥር ስለሚቀር ገንዳውን አልፎ አልፎ አጥባለሁ። ላዩ ተጋግሮ ሥሩ ባዶ ሊሆንም ይችላል፤ በመጥረጊያ እንጨት ወጋ አድርጉት።

የቀረን ችግር መብራት ነው። እጥበት መሐል ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ጨው ውስጡ ይቀራል። እንደዚያ ባደረ ጠዋት ሻወሩን ከፍቼ በእጄ ቀዳ አድርጌ እቀምሳለሁ። እማዬ የልብሱን ሳፋ ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።