ደብረ ብርሃን ላይ አልበስል ያለው ሽንብራ

ዛሬ እህል ተራ፣ ከሸዋ ሮቢት ተዛውራ የመጣች ወጣት ሠራተኛ ሻጯን ስትጠይቅ ሰማሁ። «እትዬ፣ የሰጡኝ ሽንብራ ያረጀ ነው እንዴ? ግማሽ ቀን ጥጄው አሁንም ጠጠር ነው።» ሴትዮዋ እፍኝ ዘግነው አሳዩዋት። ጥሬው አዲስ ነው፣ ነቀዝም አልነካው። «ልጄ፣ እዚህ ደጋ ነው። ሳትዘፈዝፊ ነው የጣድሽው?»

እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ግን 95 ያልፋል። ከሰል ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ከሰሉም በከንቱ ያልቃል።

ማታ ለቅሞ አንድ እጅ ሽንብራ በሦስት እጅ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት ውሃውን ደፍቶ በአዲስ መጣድ። ሲጎድል የፈላ ውሃ ነው የሚጨመረው፤ ቀዝቃዛ ከገባ ድስቱ ከመፍላት ይመለሳል። ቲማቲም ጥሬው ሳይለሰልስ አይግባ፣ አሲዱ ያጠነክረዋል። በፕሬዠር ድስት ከሆነ ውስጡ ከ110 ዲግሪ ያልፋል፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን እንፋሎቱ ያመልጥና ተራ ድስት ይሆናል።

ከተማዋ የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ ስለሆነች ከቆላ ወረዳዎች ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ አታጣም። ብርድ ልብስ ያዝ የሚለው ሞልቷል፤ ስለ ድስቱም የሚነግረው ቢያገኝ ጥሩ ነበር።