አጋሙና የአማቴ ድስት

አማቴ ደሴ ነው የሚኖሩት። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ቤታችን ሲገቡ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚፈልገው እኔን አይደለም፤ ድስቱን ነው። ለልጃቸው ሠርግ የሰጧት ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት። ባለቤቴ ፈትጋ ፈትጋ መስታወት አድርጋዋለች። እንግዲህ እኔ ጉድ የሠራሁት ይህንን ድስት ነው።

ነገሩ ከአጥር ጀመረ። ለማማር ብዬ ሁለት ችግኝ ገዛሁ። ሻጩ «የደቡብ አፍሪካ አጋም ነው» አለኝ። አልዋሸም። አገሩ የናታል ባሕር ዳርቻ ነው፤ የኛ አጋም የሥጋ ዘመድ። ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። አበባው ነጭ ኮከብ ነው፣ ሽታው ደጃፉን ያውዳል። የባሕር ጨው የማይበግረው ተክል ነው አሉ። እኛ ጋ ያለው የቦርከና ወንዝ ነው፣ ግን ሙቀቱ ተስማማው። ሰውየው ያልነገረኝ እሾሁን ነው። ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዴ ነካሁት ስትል ሁለት ቦታ ተወግተሃል።

ሁለት ዓመት አበባ ብቻ። ፍሬ የሚባል ነገር የለም። ሳነብ ለካ በአገሩ አበባዎቹን የሚያገናኙት በሌሊት የሚበሩ የእሳት እራቶችና ትንንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው። እነሱ ከሌሉ ሰው ራሱ ብናኙን ከአንዱ ዛፍ አበባ ወደ ሌላው ዛፍ ማድረስ አለበት። እሺ። የልጄን የሥዕል ብሩሽ ሰረቅኩ። ከሥራ ስገባ መሽቷል፤ ስልኬን አብርቼ በጥርሴ ነክሼ፣ አጥሩ ሥር ተንበርክኬ አበባ በአበባ እዳብሳለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። አበባ እየዳርኩ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አብሽር» አሉኝ፣ የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ። በማግሥቱ ባለቤቴን «እንቅልፍ ይተኛል?» ብለው ጠይቀዋታል።

ግን አፈራ! ቀይ፣ ከዶሮ እንቁላል ትንሽ የሚያንስ። ከነልጣጩ ከነፍሬው ይበላል። የመጀመሪያውን ስገምጥ ነጭ ወተት ፈሰሰ፤ ባለቤቴ ጮኸች። እውነቷን ነው፣ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ነጭ ወተት ሲያይ የሚያስበው ቁልቋልን ነው። የበሰለው ፍሬ ወተት ግን አይጎዳም። ጥሬውን አረንጓዴውን ነው መተው። ከንፈር ላይ ትንሽ ይጣበቃል እንጂ ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ ያለ ነው።

እዚያ ላይ ብበቃ ጥሩ ነበር። ቅዳሜ አማቴ ስለሚመጡ ማርማላታ ልሥራላቸው አልኩ። ባለቤቴ ገበያ ወጥታለች። ያለው ትልቁ ድስት ያ ድስት ነው። ፍሬውን ከስኳር ጋር ጣድኩት፤ ቤቱ በመዓዛው ተሞላ፤ እኔም በራሴ ኮራሁ። ማርማላታውን ገልብጬ ድስቱን ሳየው ግን ዙሪያውን ማስቲካ ተለጥፎበታል። ለካ ወተቱ ሲፈላ ወጥቶ ድስት ላይ ይጋገራል። በሽቦ ፈተግኩ። በአመድ ፈተግኩ። ማስቲካው ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ተዛወረ።

ስልክ ጮኸ። «ሐረጎን አልፌያለሁ» አሉ አማቴ።

ወደ ንባቤ ተመለስኩ። «በአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይቀቀል» ይላል። ይህች አረፍተ ነገር ትናንት የት ነበረች? መድኃኒቱ ደግሞ የምግብ ዘይት ነው። በዚህ ኑሮ! ጨክኜ አፈሰስኩ። እሱስ ይለቃል፤ ቀስ ብሎ፣ እየተጠቀለለ። አማቴ ሲገቡ ድስቱን በጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ እስከ ክርኔ በዘይት ርሻለሁ። ዘይቱ በድስቱ ጎን ይንጠባጠባል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በመስኮት አጥሩን አዩ፣ ድስቱን አዩ።

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። «ድስት ሲያለቅስ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ከዚያ ዳቦ ቆርሰው ማርማላታውን ቀመሱ። ምንም አላሉም። ብርጭቆው ተጋመሰ። አሁንም ምንም አላሉም።

ሲሄዱ ሁለት ቅርንጫፍ አስቆረጡኝ። «እማማ፣ ይህ ውርጭ አይወድም፤ ደሴ ይበርደዋል» ብላቸው፣ «እኔ ጦሳ ተራራ ሥር ስኖር ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ቅርንጫፎቹን ድስቱ ውስጥ አቁመው፣ ድስቱን ታቅፈው ወጡ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ያንን ብሩሽስ?»