«በ»ን ለማስኬድ ሦስት ሳምንት

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ተማሪዬ አንድ «በ» ፊደል ከስክሪኑ ግራ ተነስቶ ቀኝ ጥግ ሄዶ ሲቆም አሳየችኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን ሲቆም ወደፊት ዘንበል ብሎ ነው የተመለሰው፣ ልክ ታክሲ ፍሬን ሲይዝ እንደምንሆነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፣ ለዚህች ቅንጭብ ሦስት ሳምንት ነው የለፋነው።

ሞሽን ዲዛይን፣ ማለት ፊደልና ሥዕል ስክሪን ላይ ማንቀሳቀስ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በትርፍ ሰዓት ሳስተምር ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሉ ድብልቅ ነው፤ አርክቴክቸር አለ፣ ሶፍትዌር አለ፣ ጋዜጠኝነትና ቴአትርም አለ። ስለ መጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ አላወራም፣ የቱ ቁልፍ የት እንዳለ ሳሳይ አለቀ። የአርክቴክቸሮቹ ሥራ ቆሞ ሲያዩት ያምራል፣ ሲንቀሳቀስ ሬሳ ነው። ሶፍትዌሮቹ ኮድ ጽፈው አምሳ ነገር ባንዴ ያንቀሳቅሳሉ፣ አምሳውም እኩል። ቴአትሮቹ የት ጋ መቆም እንዳለበት ያውቃሉ፣ ማውዝ ሲይዙ ግን ግራ ይገባቸዋል።

ያስመረረኝ አንድ ነገር ነው፦ ፍጥነት። አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው የማንቀሳቀሻ ሶፍትዌር ላይ ሁለት ኪፍሬም (ነገሩ በዚህ ሰዓት እዚህ ይሁን የሚል ምልክት) ስታስቀምጡ ነገሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ፍጥነት ይሄድና ግድግዳ እንደገጨ ቀጥ ይላል። ተማሪው ይሄን ያይና ኪቦርዱ ላይ ኤፍ9 ይጫናል። ኤፍ9 መነሻና መድረሻውን ያለሰልሳል፣ ግን ሁሌም በአንድ ልክ ነው፣ 33.33 በመቶ። ሎጎውም ጽሑፉም ኳሱም አንድ ዓይነት አካሄድ ይሄዳሉ። ሌላውን ሶፍትዌር፣ ብሌንደርን፣ ነጻ ስለሆነ እወደዋለሁ፣ ለዚህ ትምህርት ግን ይብሳል፤ ኪፍሬሙን ገና ስታስቀምጡት ራሱ አለስልሶ ስለሚሰጣችሁ ተማሪው ችግሩን ሳያየው ያልፋል። ግራፍ ኤዲተር፣ እንቅስቃሴውን በኩርባ የሚያሳየውን መስኮት፣ ስከፍት ደግሞ የግማሹ ክፍል ፊት ይጠቁራል። ኩርባ ሲያዩ የሒሳብ ፈተና ትዝ ይላቸዋል መሰለኝ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ላፕቶፖቹ ባትሪያቸው የሞተ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ኤፎር ወረቀትና ማስመሪያ አውጡ አልኩ። ሃያ አራት ሴንቲሜትር መስመር፣ አሥራ ሁለት እርምጃ። አንዱ እርምጃ አንድ ፍሬም፣ ማለት አንድ ምስል ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለምንሠራ ይሄ ግማሽ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ በየሁለት ሴንቲሜትሩ ነጥብ አስደረግኳቸው። ቀጥሎ ግማሽ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል፣ ሦስት፣ ሦስት፤ ከዚያ ያንኑ ወደኋላ። ያም ያም ድምሩ ሃያ አራት ነው። ከሶፍትዌሮቹ አንዱ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አይቶ «ታክሲ እኮ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። «ወራጅ አለ» ስትሉ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፣ ነጥቦቹ ይቀራረባሉ። ለቤት ሥራ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው በስልክ ቀርጸው እንዲመጡና ፍሬም በፍሬም እንዲቆጥሩ አዘዝኳቸው። ከፊት የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት መኪናው ከቆመ በኋላም ትንሽ ይሄዳል። የዚያች ልጅ «በ» ከዚያ ነው የመጣችው።

«በ»ን የመረጥኩት ሁለት እግር ስላላት ነው። «ባ» ግራ እግሩ ያጥርና ያነክሳል፣ «ቦ» በቀኙ። ፊደል ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። አንድ ልጅ ግን ሥራ ሳያስገባ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ሰነፍ ነው ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት። ኋላ ሳናግረው አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው የተማረው። አማርኛ ያነባል፣ ግን ግዕዝ ካዕብ ሳልስ እያሉ ሌሎቹ የሚያዜሙት ነገር እሱ ጋ የለም። ዐይኔን አፈረኝ። በፈለግከው ፊደል ሥራ አልኩት። በላቲኑ ኤን ሠራ፣ ያም ሁለት እግር አለው፣ አረማመዱ ከሁሉም ይበልጣል። ነጥቡን መለስኩለት፣ ይቅርታ ለማለት ግን ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ።

ለምታስተምሩ የምለው፣ ዝግጁ ቴምፕሌት ከልክሉ። ሰው ይቆጣል፣ ይቆጣ። የዩቲዩብ ትምህርትንም የመጀመሪያውን ወር እኔ ከልክያለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ልክ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም፣ እኔ ራሴ የተማርኩት ከዚያ ነው። የድሮ ሥራዎቼንም ሰሞኑን ከፍቼ አየኋቸው፣ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ9 ናቸው። ለተማሪዎቹ አላሳየሁም።

ግራፍ ኤዲተሩን ከአሥራ ዘጠኙ ተማሪዎች በቅጡ የያዙት ስምንት ናቸው። ቀሪዎቹ ወረቀት ላይ ይገባቸዋል፣ ስክሪን ላይ ይጠፋቸዋል፣ መፍትሔ ያለው ይንገረኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት «ቀ»ን ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ እግር ነው ያለው፣ እንዴት እንደሚሄድ እኔም አላሰብኩበትም። ከቴአትሮቹ አንዷ «ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታላ» ብላለች።